ያላየሁት ጀርባ

ከዚራ ዛፉ ሥር፣ ከሲኒማው ደጃፍ፣
ሙቀቱ ከቤት አውጥቶን ስንሰለፍ፣
አሥራ አራት ዓመቴ። ጫማው የታላቄ፣
ቀሚሱም የእሷ ነው፤ የኔ፣ መሳቀቄ።

ፊልሙ በማናውቀው ቋንቋ ነው የሚያወራ፤
ማንም አልገባውም፣ ማንም ግን አልፈራ፤
ሰው ለተዋናዮቹ ቃል እያዋሰ
አንዱ ይሥቅበታል፣ ሌላው እያለቀሰ።

ያን ጊዜ መጣች። ካፖርቷ አረንጓዴ።
የጫት ቅጠል አይደል፤ የመስጊድ በር? እንዴ!
ዝናብ ያገኘ ቁልቋል፣ በዓመት የሚሆነው አንዴ።
አንገትጌው የተገለጠ መጽሐፍ፣
ኪሱ ጥልቅ፣ ክንድ የሚያሳርፍ።
ድሬ ላይ ካፖርት ማን ይመኛል፣ ሰው በላብ እየታጠበ?
እኔን ግን ብርድ አማረኝ፤ ገላዬ ጨርቅ ተራበ።

በሩ ጋ ደረሰች። ልትዞር ነው። ትከሻዋ ቀደመ።
ጀርባዋ ሊታይ ሲል
መሐሏ ላይ ቡናማ ነጥብ፣
ነጥቡ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ሰፍቶ፣ ሸራው ነጭ ሆኖ ቆመ።
«ሌባ! ሌባ!» አልን ወደ ማሽኑ ክፍል እየጮኽን፤
ሲቀጥል እሷ የለችም፤ ባቡር ላይ ወንድ ሲያለቅስ አየን።

ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ያገኘሁትን ለበስኩ፤
ታይዋን ሸቀጥ ተራ ሸሚዝ እየፈተሽኩ፣
ከመጽሔት ገጽ ቀድጄ ትራሴ ሥር አኖርኩ፤
የአንዷን ጫማ፣ የአንዷን ሻሽ፣ የአንዷን አቋቋም ተዋስኩ።
መስታወት ፊት ስቆም ብዙ ሴቶች ነበሩ፣
እኔን ደጅ አስቀምጠው፣ ተዘጋግተው የሚያወሩ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ደመወዝ እጄ ላይ ሳለ፣
ደንገጎን ወጣሁ። ሐረር እንኳ ትንሽ ብርድ አለ።
መኪና ግርግር ገባሁ፤ ግራ ቀኙ ሲንገር፣
መንገዱ ሁሉ በመርፌ ጥርስ የሚነጋገር።
አው ቡሽራ፣ ሜትሩ እንደ ሁልጊዜው አንገቱ ላይ፣
ሥዬ ያመጣሁትን ከመነጽሩ በላይ ሲያይ፣
«ፊቱስ ደህና ነው» አለኝ። «ጀርባው፣ አቦ፣ የታለ?»
«እሱን አላየሁትም። ፊልሙ ተቃጠለ።»

ሣቀ። ክር በጥርሱ በጠሰ። «እንግዲያ እሰየው ነው፤
ፊቱን ከእሷ ውሰጂ። ጀርባው ግን ያንቺው ነው።
ሲመጣልሽ ተመለሽ።» ወረቀቱን ገልብጦ ሰጠኝ፤
ባዶውን ገጽ እንደያዝኩ ጀጎል በጠባብ መንገዱ ዋጠኝ።

ሦስት ቅዳሜ ዞርኩ።
አንድ ግድግዳ፣ ሰማያዊው ሥር ሮዝ፣ ሮዙ ሥር ነጭ፣
የስንት ዒድ ቀለም አንዱ በአንዱ ላይ ተላልጦ፤
ጥፍሬን አስገብቼ ቆጠርኩ፣ ሰባት ላይ ባለቤቱ ወጣና ተውኩት።
ራዊያ የእናቷን ቀሚስ ገልብጣ አሳየችኝ፤
ጥቁር ነበር፣ ቀይ ሆነ። «የቱ ነው ፊቱ?» ብላት
«ሰዓቱን ንገሪኝ» አለች።
ድሬ ስመለስ መምህር ገዛኸኝ ደቻቱን ሥሎ አገኘሁት፤
አሸዋ ብቻ። ጠብታ ውኃ የለበትም።
ጎርፉ ግን ያስፈራል።

ያን ሌሊት አልተኛሁም።
ሲነጋ ባዶው ገጽ ላይ የማውቀውን ብቻ ሣልኩ፦
ከትከሻው ዝቅ ብሎ ቡናማ ጠርዝ፣
ወጣ ገባ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣
መሐሉ ነጭ ሐር።
አው ቡሽራ ብዙ አየው። «ይሄ ጉዳት ነው ጌጥ?» አለ።
«እንጃ።»
«እንጃ ከሆነ በእጅ ነው የሚሰፋ» ብሎ ማሽኑን ሸፈነ።
ዋጋውንም ጨመረ።

ለብሼው ወረድኩ። ደንገጎን እንዳለፍን ሙቀቱ ተቀበለኝ፤
ሾፌሩ በመስታወት አይቶ «አሞሻል እንዴ?» አለኝ።
አላወለቅሁትም።
ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ላቤ በወገቤ ሲወርድ
ከኋላዬ እርምጃ ሰማሁ፤ የሰፋ ጫማ፣
ተረከዙ ቷ፣ ቷ የሚል፣ የታላቅ እህት።
ቀረበ። ዝግ አለ። ቆመ።

አልዞርኩላትም።
ፊቱን እሷ ትሥራው።